ለምን መጣች? — ስለ ጃፓን አስፈሪ ታሪኮች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው የሥነ ጽሑፍ ክበባችን በዚህ ዓመት ስላነበባቸው የጃፓን አስፈሪ ታሪኮች ነው። ርእሱን ስናስታውቅ «ከዚህ የሚሻል አጣችሁን?» ያሉን አልጠፉም፤ ጥቂት ታግሣችሁን ፍረዱ። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኡዌዳ አኪናሪ የተባለው ጃፓናዊ ደራሲ በ1776 «ኡጌትሱ ሞኖጋታሪ» የሚባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ሐኪምም ስለ ነበረ፣ መንፈስን ያመነው ባለመማሩ ነው ለማለት አይቻልም። ከታሪኮቹ በአንዱ ካትሱሺሮ የሚባል ሰው ሐር ሸጦ ሊከብር ወደ ኪዮቶ ይሄዳል፤ ለሚስቱ ለሚያጊም በመጸው እንደሚመለስ ቃል ይገባላታል። ነገር ግን ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ ይዘጋል። እርሱም ሚስቴ ሞታለች ብሎ ተስፋ በመቁረጥ በሰው አገር ይቀመጣል። ከሰባት ዓመት በኋላ ሲመለስ መንደሩ ተፈቷል፤ የእርሱ ቤት ግን እንደ ቆመ ነው፤ በበሩ ስንጥቅም መብራት ይታያል። ጉሮሮውን ሲጠርግ ሚስቱ ድምፁን ለይታ ትከፍትለታለች፤ ጠቁራለች፤ ዓይኖቿም ጎድጉደዋል። አልቅሰው፣ ተጨዋውተው ይተኛሉ። ጎሕ ሲቀድ ፊቱን የሚያርስ ነገር ቀሰቀሰው፤ ቀና ቢል ጣራ የለም። ወለሉን ሣር ወርሶታል። ሚስቱ የለችም፤ መቃብሯ ግን አለ።

ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ «ሕልም ነው» አለ፤ ብርቱ ክርክርም ተነሣ። አንዲት ጓደኛችን ዝም ብላ ስትሰማን ቆይታ፣ «እኔ ብሆን አያቴ ብትመጣ አልሸሽም፤ ለገና እመጣለሁ ብዬያት ሳልሄድ ሞታብኛለች» አለች። ከዚያ ወዲያ ሕልም ነው ያለው ልጅ አልተከራከረም።

ታሪኩን እንደ ገና ስናነበው ያላስተዋልነውን አገኘን። ካትሱሺሮ የሆነውን ሁሉ ለአንድ የመንደሩ ሽማግሌ ሲነግራቸው፣ ሽማግሌው አይስቁበትም፤ ሕልም አይተሃልም አይሉትም። የሚያጊ ነፍስ የናፍቆቷን ብሶት ልትነግረው እንደ መጣች ያስረዱታል። ከዚያም ሁለቱ ከመቃብሩ ፊት ሲጸልዩ ያድራሉ። እንግዲህ ጥያቄው «መንፈስ አለ ወይስ የለም?» የሚል አይደለም፤ «ለምን መጣች?» የሚል ነው። የሚያስፈራውም ሰውየው ሰባት ዓመት መዘግየቱ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ እንግሊዛዊቷ አን ራድክሊፍ በ1794 ባወጣችው «የኡዶልፎ ምሥጢሮች» ከመጋረጃ በስተኋላ የታየው አስከሬን መጨረሻ ላይ የሰም ምስል ሆኖ ይገኛል፤ አንባቢውም እፎይ ይላል። በአኪናሪ ዘንድ እፎይታ የለም።

በመጀመሪያ እኛም ነገሩን እንደ ተረት ቆጥረነው ነበር፤ አያቶቻችን ሲያጫውቱን ጅብ እንዴት ተናገረ ብለን አልጠየቅንምና። ነገር ግን ተረት አገርና ዘመን የለውም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን አውራጃውም ጦርነቱም የታወቁ ናቸው። እንዲያውም ስለ ኦይዋ መንፈስ የሚናገረውንና በ1825 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የ«ዮትሱያ ካይዳን» ቴአትር የሚሠሩ ተዋንያን አስቀድመው ወደ መቅደሷ ሄደው መሳለም የቆየ ልማዳቸው ነው። ያምኑበት እንደሆነ እንጃ፤ መሄዱን ግን አይተዉም።

በመጨረሻ ያነበብነው ኮጂ ሱዙኪ በ1991 ያወጣውን «ሪንግ» ነው። አንድ የቪዲዮ ካሴት ያየ ሰው በሰባት ቀን ይሞታል። ጋዜጠኛው እንደ ማንኛውም ወሬ ምንጩን ይመረምራል፤ በጉድጓድ ውስጥ ተጥላ የቀረችውን የሳዳኮን አፅም ያወጣል፤ ለዘመዶቿም ያስረክባል። በጥንቱ ታሪክ ቢሆን ዕዳው በዚህ በተከፈለ ነበር። ግን በማግስቱ ጓደኛው ይሞታል። ለካ ሳዳኮ የምትፈልገው ዕረፍት አልነበረም፤ ካሴቱ ተገልብጦ ለሌላ ሰው እንዲታይ ነበር። የጋዜጠኛው ሚስትና ትንሽ ልጁም አይተውታል። ስለዚህ እነርሱን ለማዳን መርገሙን በሌላ ሰው ላይ ሊጭን መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ደግ አደረገ ወይስ ክፉ በሚለው ክበባችን እስከ ዛሬ አልተስማማም፤ ወላጆቻችን ዛሬ ማታ በየቤታችሁ ብትፈርዱልን ደስ ይለናል።