ልጅ አፉን እንዲፈታ የሚረዱ ጨዋታዎች



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር ነው። ሁለት ዓመት አልፎት ገና አፉን ያልፈታ ልጅ ባለበት ቤት እናት ትጨነቃለች፤ አያት «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» እያሉ ያጽናናሉ፤ አባት ደግሞ ነገሩን በመዝገብ ቤት እንደ ተቀመጠ ዶሴ «ለጊዜው ይቆይ» ብሎ ያሳድረዋል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚጎዳው ይህ «ይቆይ» የሚለው ቃል ነው።

አብዛኞቹ ልጆች በ12 ወር አካባቢ የመጀመሪያ ቃላቸውን ይናገራሉ፤ 2 ዓመት ሲሞላቸው 50 ያህል ቃላት ይኖሯቸዋል፤ «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪ» እያሉም ሁለት ቃል ያጋጥማሉ። ከዚህ የዘገየ ሁሉ ሕመምተኛ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ያልሰሙትን ቃል መናገር አይቻልምና፣ ከሁሉ አስቀድሞ የልጁ ጆሮ በሐኪም ሊመረመር ይገባል። «ምላሱ ታስሯል» እየተባለ በመንደር ምላስ ወይም እንጥል ማስቆረጥ መድማትንና መመረዝን ያመጣል እንጂ ቃል አያመጣም።

ለጨዋታው ከሱቅ የሚገዛ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሦስት ስኒ ደፍታችሁ ከአንዱ ሥር አነስተኛ መጫወቻ ሸሽጉና «የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም ዝም በሉ፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቍጠሩ። ብዙ ወላጅ ይህን ዝምታ መታገሥ ያቅተውና ልጁ ከንፈሩን ሳያላቅቅ መልሱን ራሱ ይሰጣል። ልጁ ጣቱን ቢቀስር ወይም «እ» ቢል እንኳ መልስ ነውና፣ «አዎ፣ እዚህ አለ!» ብላችሁ ስኒውን አንሡለት። በመጫወቻው ፋንታ ግን የቡና ፍሬ አታድርጉ፤ ሕፃናት ወደ አፍንጫቸው ይከቱታል፤ ሊያንቃቸውም ይችላል።

ከጨዋታ ሁሉ እኔ የማስቀድመው ዕቃ ዕቃን ነው። ልጁ በቆርቆሮ ወጥ ሲሠራ እናንተ እንግዳ ሆናችሁ ቅረቡ፤ «ጨው አነሰው»፣ «ኧረ ይፋጃል!» እያላችሁ ብሉለት። «ወጥ» ብሎ አንድ ቃል ቢያወጣ «ትኩስ ወጥ» ብላችሁ ጥቂት አስረዝማችሁ መልሱለት። «ዳቦ»ን «ባቦ» ቢል «አዎ፣ ዳቦ» ማለት ይበቃል፤ «አስተካክለህ በል!» እያሉ ማስጨነቅ ልጁን ይባስ ዝም ያሰኘዋል። ኩኩሉም ጠቃሚ ነው፤ አንዱ ሲጣራ ሌላው ይመልሳልና፣ ንግግር የተራ ነገር መሆኑን ያለ አስተማሪ ያስተምራል። እንቆቅልሽ ግን ለታላላቆቹ ይሁን።

ስልክና ቴሌቪዥን እነዚህን ጨዋታዎች አይተኩም፤ ለልጁ መልስ አይጠብቁለትምና። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ሕፃን ፈጽሞ እንዳይታይ፣ ለ2 ዓመት ልጅ ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ መክሯል። አያት በኦሮምኛ፣ እናት በአማርኛ ማናገራቸው ግን ንግግርን አያዘገይም። ደኅና አድርገው የሚያውቁትን ቋንቋ ትተው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ብቻ ልጃቸውን የሚያናግሩ ወላጆች ግን የቃላቸውን ሀብት ራሳቸው ይነፍጉታል።

ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ዓይን ለዓይን የማይተያይ፣ ያወቀውን ቃል የጣለ ልጅ ካላችሁ በጨዋታ ብቻ አትቆዩ፤ ፈጥናችሁ ሐኪም አማክሩ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የጆይ ማዕከል የኦቲዝም ልጆች መማር እንደሚችሉ ለብዙ ወላጅ ያሳየ ነው።

ከመሥሪያ ቤት ደክማችሁ ስትመለሱ ለጨዋታው 15 ደቂቃ ስጡ፤ በየቀኑ ይሁን እንጂ ብዙ ባይሆን ግድ የለም። ልጁ የተናገረውን አዲስ ቃል ከነቀኑ በአንድ ወረቀት ጻፉ፤ ይህን ለመዝገብ ሰው ማስተማር አያሻኝም። ወደ ሐኪም ስትሄዱም ወረቀቱን ያዙ፤ ስንት ቃል እንደሚናገር መጠየቃችሁ አይቀርምና።