ስለ ወረቀትና ስለ እጅ ስልክ፤ በሀርጌሳ ከተማ የታየው ለውጥ



በቤት ውስጥ የሚገባው ወረቀት ይቀነስ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ደረሰኝን፣ ደብዳቤንና ጋዜጣን ነው። ከሁሉ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ የሚመላለሰው ወረቀት ግን የገንዘብ ኖት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህን በግልጥ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሀርጌሳ ቢዘልቅ ይበቃዋል።

ሶማሌላንድ በ1991 (ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ራሷን የቻለች አገር መሆኗን ካወጀች በኋላ በ1994 የራሷን ሺሊንግ አወጣች። በመጀመሪያ ከታተሙት ኖቶች ሁሉ ትልቁ ባለ500 ነበር፤ ባለ1,000ና ባለ5,000 ኖቶች የመጡት ብዙ ዘግይተው ነው። አሁን አንድ ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። አንድ ዶላር በ6,000 ሺሊንግ ቢመነዘር፣ 100 ዶላር 600,000 ሺሊንግ ይሆናል፤ ይህም በባለ500 ሲቈጠር 1,200 ኖት ነው። አንድ ኖት አንድ ግራም ገደማ እንደሚመዝን ከታሰበ ለአንድ ወር አስቤዛ የሚሆነው ገንዘብ ከኪሎ በላይ ይመዝናል ማለት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ገንዘቡን በከረጢትና በእጅ ጋሪ ይጭን ነበር፤ ገንዘብ መንዛሪዎችም በመንገድ ዳር ኖቱን እንደ ጡብ ደርድረው ተቀምጠው ይታዩ ነበር። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ ሀብት መስሎት ሊደነቅ ይችላል፤ የቤት እመቤቲቱ ግን ሸክም መሆኑን ታውቀዋለች። ቈጥራ ተቀብላ፣ ቈጥራ ከፍላ፣ የቀረውን ደግሞ ከአቧራና ከአይጥ መጠበቅ ነበረባት።

በ2009 ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ «ዛድ» የሚባል አገልግሎት ጀመረ። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ስንቅ ማለት ነው፤ ስሙን የመረጠው ሰው ልብ ያለው ሰው ነው ሊባል ይገባል። ገንዘቡ በስልክ ቁጥር ላይ ይመዘገባል፤ ከፋዩ የተቀባዩን ቁጥርና የገንዘቡን ልክ፣ በመጨረሻም ምስጢራዊ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ወዲያው ለሁለቱም መልእክት ይደርሳቸዋል። ለዚህ ሥራ ውድ ስልክ አያስፈልግም፤ ቍልፍ ያለው ተራ ስልክ ይበቃል። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲላክም የመላኪያ ዋጋ አልተጠየቀም። ከዚህ የተነሣ ሱቁ ቁጥሩን በግድግዳው ላይ በቀለም ጻፈ፤ ሻይ የምታፈላው ሴት፣ ከአወዳይ የመጣውን ጫት የምትቸረችረው ሴት፣ ጫማ የሚያሳምረው ልጅ ሳይቀሩ በስልክ መቀበል ጀመሩ። ብዙ ድርጅቶችም ደመወዝ በዚሁ መንገድ ከፈሉ።

ሕዝቡ ይህን የተቀበለው ስለ ዛፍና ስለ ደን ንግግር ሰምቶ አይደለም። ሸክሙ ስለ ቀለለለት ነው። ደግሞም ልቡ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በሐዋላ የኖረ ሕዝብ ነውና። ልጁ በለንደን ለሐዋላ ቤት የሰጠው ገንዘብ ለእናቱ በሀርጌሳ ሲደርሳት ያው ኖት ተጉዞ እንዳልመጣ፣ የመጣው የሰው ቃልና ቁጥር ብቻ እንደ ሆነ ታውቅ ነበር። እንግዲህ ወረቀት ይቀነስ ብሎ የሚያስተምር መምህር አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ወረቀቱ በዚያ ቤት ምን ሸክም ሆኖ ይኖራል፣ ሰዎቹስ ማንን ያምናሉ ብሎ ነው።

ሆኖም ነገሩ ሁሉ ማር ብቻ አይደለም። ዛድ ሥራውን የጀመረው በዶላር ነበር፤ በሺሊንግ መክፈል የተቻለው ከጊዜ በኋላ ነው። ዶላር በስልክ እንደ ልብ ሲዘዋወር፣ በወረቀት ሺሊንግ ብቻ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ ሺሊንጉ በረከሰ ቍጥር የሚጐዳው እርሱ ሆነ። ሌላም አለ። ፊደል ያልቈጠረች አሮጊት አኃዝ ለይታ ታውቅ ይሆናል፤ የመጣላትን መልእክት ግን አንብባ አትረዳም። ስለዚህ ስልኳን ለሱቁ ልጅ ትሰጣለች፤ ከስልኩም ጋር ምስጢራዊ ቁጥሯን ትነግረዋለች። ወረቀቱ በነበረ ጊዜ በጣቷ ቈጥራ ታረጋግጥ ነበር፤ አሁን በሰው ቸርነት ላይ ወደቀች። ይህ የኩባንያ ጉዳይ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያም ቴሌብር በግንቦት 2021 ከተጀመረ ወዲህ ይኸው ጥያቄ ወደ እያንዳንዱ ቤት ገብቷል። የመብራትና የውኃ ክፍያ በስልክ ሊፈጸም ይችላል፤ የዕድሩ ጥሪም በስልክ መልእክት ሊደርስ ይችላል። የሱቁን የዱቤ ደብተር መተው ግን ለጊዜው አይመከርም፤ በዚያ ደብተር ላይ ባለሱቁና ባለዕዳዋ ጐን ለጐን ቆመው ያያሉና።

ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው የሰነድ ነገር ነው። በ1988 ሀርጌሳ በቦምብና በመድፍ ስትፈርስ ነዋሪዋ በመቶ ሺሕ እየተቈጠረ ወደ ኢትዮጵያ ምድር ተሰደደ። ያን ጊዜ ከፈረሰው ቤት ጋር በሣጥን ውስጥ የነበረ የርስት ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የትምህርት ምስክር ወረቀትም አብሮ ይጠፋል። ሰው ሕይወቱን አትርፎ ቢመለስ እንኳ ይህ ቦታ የእኔ ነው የሚልበት ማስረጃ ከእጁ የለም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ፊት ወረቀት አስተማማኝ ነው ብሎ መከራከር ያሳፍራል። በስልክ ላይ ብቻ ያለ ሰነድም ስልኩ ሲሰረቅ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ምስጢራዊው ቁጥር ሲረሳ ያው ነው። እንግዲህ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ የይዞታ ደብተር፣ ዲፕሎማ ዋናው በወረቀት ይኑር፤ ሥዕሉ ተነሥቶ በስልክ ይቀመጥ፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ስልክ ላይ ይኑር። የሚቀነሰው በየወሩ መጥቶ በየወሩ የሚጣለው ወረቀት ነው፤ ደረሰኙ፣ ማስታወቂያው፣ ከአንድ ጊዜ በላይ የማይነበበው ሁሉ።

በሀርጌሳ መንዛሪዎቹ ከመንገድ ዳር ገና አልጠፉም። ኖቱ እንደ ቀድሞው ተደርድሮ ከፊታቸው አለ፤ ስልኩም በእጃቸው ነው። ዶላር በዛድ የላከላቸውን ሰው በወረቀት ሺሊንግ ያሰናብቱታል፤ ያም ሰው ኖቱን ይዞ ወደ ገበያ፣ ገና በስልክ ወደማይቀበሉት ሻጮች ዘንድ ይሄዳል።