የበር ልክ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ሕንፃ ሥራ አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቁኝ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ፎቅ የምናገር መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ዛሬ ይዤ የቀረብሁት አንድ በትር ነው። ርዝመቱ ከሰው ቁመት ጥቂት ይበልጣል፤ ወርዱ ሁለት ጣት፣ ውፍረቱ አንድ ጣት ነው። እንደምታዩት ቁጥር የሚባል ነገር አልተጻፈበትም፤ በቢላዋ የተሠመሩ ጥቂት ጭረቶች ብቻ አሉበት። የተሠራው በዋጃ ነው። የሠሩት አናጢ ‹‹ልክ›› ከማለት በቀር ሌላ ስም አላወጡለትም። በር ለመስቀል የሚያገለግል መለኪያና ምልክት ማድረጊያ ነው።

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ሜዳውን በስተምዕራብ የደጋው ገደል፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይዘውታል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ በበልግና በክረምት ይመጣል፤ ከዚያ ውጭ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው። ማሽላው ይህን ይወደዋል፤ የእንጨት በር ግን አይወደውም። ስለዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በራያ ቆላ ባለፈ ጊዜ የብዙ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት በሮችና መስኮቶች ተሰባብረዋል፤ ተነቅለው የተወሰዱም አሉ። በ2015 ዓ.ም. ከዋጃ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የ14 በሮችን እድሳት እንድከታተል ተመድቤ ነበር። መቃኖቹና ጉበኖቹ ከነግድግዳቸው ቀርተዋል፤ የጠፉት መዝጊያዎቹ ናቸው። እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ከ14ቱ በሮች 3ቱን በሜትር ለካሁ፤ ሦስቱም 90 በ210 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነው ስላገኘኋቸው የቀሩትም እንዲሁ ናቸው ብዬ ልኩን በወረቀት ጻፍሁና በደጋ ከተማ ለሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ላክሁ። የማጠፊያዎቹንም ቦታ ከመጽሐፍ እንደተማርሁት፣ ከላይ 15፣ ከታች 22 ሴንቲ ሜትር ብዬ አዘዝሁ። ይህ እንግሊዛውያን አናጢዎች 6 እና 9 ኢንች የሚሉት ልክ ነው፤ እኛም በየትምህርት ቤቱ የተማርነው እርሱን ነው።

በሮቹ በመኪና ተጭነው ሲመጡ የገጠሙት 4 ብቻ ነበሩ። አንዳንዱ ጉበኑን ገፋ፤ አንዳንዱ ከታች ድመት የሚያሾልክ ክፍተት ተወ፤ ቁመቱና ወርዱ የተስማማውም ቢሆን ማጠፊያው ከአሮጌው መቃን ፍልፍል ጋር አልተገናኘም። መቃኑን እንደገና መፈልፈል ደግሞ የደረቀውን እንጨት መሰንጠቅ ሆነ። ትምህርት ተጀመረ። ክፍሎቹ በሌሊት የሚዘጉት ሣንቃ አስደግፎ ድንጋይ በማስጠጋት ነበር። የመጻሕፍቱ ክፍል በር ስላልነበረው ከዘረፋ ተርፈው የተሰበሰቡት መጻሕፍት በመምህራን ቤት ተከፋፍለው ቆዩ፤ ልጆቹም ለአንድ መንፈቅ ያህል መጽሐፍ ለመዋስ እየዞሩ የየመምህሩን ደጅ ይጠኑ ነበር። በር ማለት ይህን ያህል ነገር የሚይዝ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የትምህርት ቤቱ ወላጆች ኮሚቴ በመጨረሻ አንድ አዛውንት አናጢ አመጣልኝ። አዛውንቱ የእኔን ወረቀት አገላብጠው ተመለከቱና፣ ‹‹ልጄ፣ ይህ ከየትኛው በር ነው የመጣ?›› ሲሉ ጠየቁኝ። ከሦስቱ በር መሆኑን ነገርኋቸው። ‹‹እና ለአሥራ አንዱ ማን ለካላቸው?›› አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ‹‹ይሁን አባቴ፣ እርስዎ እንዴት ያደርጉታል?›› ስል ጠየቅኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቆሜ ተማርሁ።

ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ወሰዱ። ጎን ለጎን ደርበው በመቃኖቹ መካከል አጋደሟቸው፤ አንደኛው ዘንግ የቀኙን፣ ሁለተኛው የግራውን መቃን እስኪነካ ድረስ ወደ ውጭ ገፏቸው። በተደራረቡበት ቦታ በአውራ ጣታቸው ጠበቅ አድርገው ይዘው በሁለቱም ላይ አንድ ጭረት አሳለፉ። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይህንኑ ደገሙት። ቀጥለውም ረዘም ያሉ ዘንጎች ይዘው ከቀኙ ታችኛ ጥግ ወደ ግራው ላይኛ ጥግ፣ ከዚያም ከግራው ታች ወደ ቀኙ ላይ ለኩ። ሁለቱ ጭረቶች አልተገናኙም፤ ግማሽ ጣት ያህል ተራራቁ። መቃኑ ዘሟል ማለት ነው። እኔ በሜትር ስለካ ወርድና ቁመት ብቻ ስለወሰድሁ መዝመሙን ልደርስበት አልቻልሁም ነበር። ስኳድራና ቱንቢ ይህን ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ዳሩ ግን መዝመሙን ከማሳየት አልፈው ያንኑ የዘመመ ልክ ተሸክመው ወደ ሣንቃው አይሄዱም። ዘንጎቹ ግን ይሄዳሉ።

ከዚህ በኋላ ‹‹ልክ›› የተባለውን በትር አነሡ። ከደፉ ላይ አቁመው በመቃኑ ጎን አስጠጉት፤ የጉበኑን ከንፈር፣ የላይኛውን ማጠፊያ ፍልፍል ራስና ግርጌ፣ የታችኛውንም እንዲሁ፣ በመጨረሻም የመቀርቀሪያውን ቀዳዳ በቢላዋ ጭረው ምልክት አደረጉበት። ለምን እርሳስ እንደማይጠቀሙ ብጠይቃቸው የእርሳስ መስመር ራሱ ውፍረት እንዳለው፣ የቢላዋ ጭረት ግን የመሮው ስለት ገብቶ የሚቀመጥበት መሆኑን ነገሩኝ። በበትሩ ራስ ላይ አንድ ኮርቻ መሰል ቁርጥ አበጁ፤ ይህም የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደሆነ ለማወቅ ነው። በግርጌው ደግሞ የበሩን ተራ ቁጥር በነጥብ ቀረጹ። አራት ገጽ ያለው በትር ስለሆነ የአራት በሮችን ልክ ይይዛል።

ሣንቃውን በጎኑ አቁመው በትሩን በጠርዙ ላይ አስተኙ። የጉበኑን ጭረት የሚስማር ውፍረት ያህል ከሣንቃው ራስ አሳልፈው አስቀመጡት፤ ያ ውፍረት በመዝጊያውና በጉበኑ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ጭረቶቹን አንድ በአንድ ወደ ጠርዙ አሸጋገሩ። የማጠፊያውን ቅጠል ወርድና ውፍረት ለመሥመር የተጠቀሙበት ደግሞ አንዲት ቁራጭ እንጨት ነበረች፤ በአንድ ፊቷ ላይ ራሱ የተቆረጠ ሚስማር በወርዱ ርቀት ተመትቷል፤ በሌላው ፊቷ ሁለተኛ ሚስማር የቅጠሉን ውፍረት ያህል ብቻ ብቅ ብሏል። በአንደኛው ስፋቱን፣ በሁለተኛው ጥልቀቱን እየጫሩ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ ፋብሪካ ‹‹ቁጥር 95›› በሚል ለበር ሰቃዮች የሠራው የማጠፊያ መሥመሪያ አለ። ሦስት መቁረጫ ጥርሶች አሉት፤ አንዱ በሣንቃው ጠርዝ፣ ሁለተኛው በመቃኑ ላይ ይሠምራል፤ ሦስተኛው የማጠፊያውን ውፍረት ይወስዳል። ብልኀቱ ያለው የመጀመሪያው ጥርስ ሲስተካከል ሁለተኛው ተፈላጊውን ክፍተት ጠብቆ አብሮ በመስተካከሉ ላይ ነው፤ ሠራተኛው አንድን ልክ ሁለት ጊዜ አይለካም። የዋጃዋ ቁራጭ እንጨትና የፋብሪካው ብረት መልካቸው ምንም አይገናኝም፤ የሚሸሹት ስሕተት ግን አንድ ነው።

ያን ስሕተት በዝርዝር እንመልከተው። በር ከመቃኑ ጋር ሊኖረው የሚገባው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሜትር ከጥግ ወደ ጥግ ሲለካ ጫፉ ላይ ይታጠፍና 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ለካው ወደ ቀረበው ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋል። ጸሐፊው ይጽፋል፤ ሌላ ሰው በሌላ ከተማ ያነባል፤ በሌላ ሜትር እንደገና ይለካል፤ የዚያም ሜትር ጫፍ ምናልባት የላላ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ነው፤ ሲደማመሩ ግን የተፈቀደችውን 3 ሚሊ ሜትር ይውጧታል። በትሩ እነዚህን እርምጃዎች ሁሉ ይዘላል። የቀድሞው አናጢ በክንድና በስንዝር ሲሠራ የነበረውም፣ ክንድ ከሰው ሰው እንደሚለያይ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ክንዱ ዋጋ ለመነጋገርና እንጨት ለመምረጥ ነበር፤ ሲገጥም ግን በገመድ ወይም በበትር ከቦታው ወስዶ ወደ ቦታው ይመልሳል።

ከቆላው ገደል በላይ፣ በላስታ፣ በዋሻ ውስጥ ያለችውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበትን ግድግዳና ማዕዘናቸው በአራት ማዕዘን ግንድ ወደ ውጭ ብቅ ያለውን የበርና የመስኮት ክፈፎች ያስታውሳል። በላሊበላ እንደ ቤተ አማኑኤል ባሉት ዘንድ ይኸው የእንጨት ክፈፍ መልክ ከአለት ተፈልፍሎ ይታያል። ድንጋይ ጠራቢው የአናጢውን ሥራ ይህን ያህል ተከትሏል። በየጥንቱ ቤት የምናየው ሣንቃም ማጠፊያ የለውም፤ ከአንድ ግንድ ሲጠረብ ከላይና ከታች በጥጉ ላይ ጉጥ ይቀርለታል፤ ታችኛው በደፉ ጉድጓድ፣ ላይኛው በጉበኑ ቀዳዳ ውስጥ ይዞራል። እንዲህ ያለ በር ልኩ ከቦታው ካልተወሰደ ጨርሶ አይገባም፤ ከገባ በኋላም ልንፋቀው ብንል አይወጣም።

አሁን ወደ ቆላው አየር ልመለስ። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእርጥብ እስከ ደረቅ ከመቶ 0.1 እስከ 0.2 ያህል ይሆናል። በወርዱ ግን ከመቶ 3 እስከ 10 ሊያጥር ይችላል። በደጋ ከተማ በክረምት የተሠራ 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ድፍን የሣንቃ በር ወደ ዋጃ ወርዶ እርጥበቱ በመቶ 4 ነጥብ ቢቀንስ፣ እንደ አሰነጣጠቁ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይጠባል። እኔ በክረምት ያስመጣኋቸው በሮች በታኅሣሥ የቁልፋቸው ምላስ ከቀዳዳው የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በትሩ ግን በርዝመቱ የተቆረጠ ስለሆነ የቁመት ልኩን ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል። አዛውንቱ ከወርዱ ዘንጎች ላይ ‹‹በጋ›› ወይም ‹‹ክረምት›› ብለው ያጽፉ ነበር፤ ከቁመቱ በትር ላይ ግን አንዳች አላጻፉም። ምክንያቱን ሳይሆን ውጤቱን ያውቁ ኖሯል።

በትሩ ጉድለት የለውም አልልም። ይጠማል፤ ሰው ማገዶ ያደርገዋል፤ ምስጥም ይበላዋል። 200 በሮች ለሚያስገባ ድርጅት 200 በሮችን የሚሸከም የበትር ሸክም አይታሰብም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በስዊድን ርዳታ የተጀመረው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ በየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ዓይነት ፕላን ሲጠቀም በቁጥር መሥራቱ ተገቢ ነበር፤ ሕንፃው ከመሠረቱ በአንድ ልክ የታሰበ ነበርና። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው፤ በር ከአሮጌ መቃን ጋር ሲገናኝ፣ መቃኑና መዝጊያው በተለያየ እጅና በተለያየ ከተማ ሲሠሩ።

ይህ ጉዳይ ደግሞ እየቀለለ አልሄደም። ዛሬ በየከተማው፣ በዋጃም ጭምር፣ የሣንቃ በር ቦታውን ለላሜራና ለኤል ቲ ዜድ ብረት እየለቀቀ ነው። አናጢው ሣንቃው ቢበልጥ በመላጊያ ይልገዋል፤ በያጁ ግን ብረቱ 5 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ቆርጦ እንደገና ከመበየድ በቀር መላ የለውም። ከግድግዳው ጥግ የሚወጣውን ልክ በትክክል ይዞ መሄድ ለእርሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል። በብየዳ ቤቶች ግን እስካሁን ያየሁት ሜትርና በኖራ የተጻፈ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ለእድሳት ሥራ በሚያዘጋጀው የትእዛዝ ቅጽ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለአሮጌ መቃን የሚታዘዝ መዝጊያ ከቁጥሩ ጋር የልክ በትሩና የወርድ ዘንጎቹ ተያይዘው እንዲላኩ፣ የትኛው ጫፍ ላይ እንደሆነና በየትኛው ወቅት እንደተለካ እንዲመለከትባቸው። የሚያስወጣው ወጪ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርፊት አልባ ዘንግና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በእኔ ሥራ የ10 በሮች እንደገና መላግ፣ መቀጠልና መስቀል 9 ቀን ወሰደ፤ ሁለቱ ስላጠሩ በግርጌያቸው ቁራጭ ተለጥፎላቸዋል፤ እስከ ዛሬም ይታያል።

የመጻሕፍቱ ክፍል በር በሦስተኛው ቀን ተሰቀለ። ይህ በእጄ ያለው በትር የእርሱ ልክ ነው፤ ከላይ ሁለተኛዋ ጭረት የላይኛው ማጠፊያ ራስ ናት። አዛውንቱ ያዋሱኝ እንድመልሰው ቃል አስገብተውኝ ነው፤ በሌላው ገጹ ላይ ገና ያልተሰቀለ የአንድ ጎረቤታቸው በር ልክ አለበትና። መመልከት የምትሹ በሻይ ዕረፍት ጊዜ ከጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ።