የመርፌ ዓይንና የልብ ዓይን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



 የምንናገረው ስለ ክርና ስለ መርፌ ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዳንዱ «ስለ ሳይንስና ስለ ልማት መናገር ሲገባቸው ስለ ክር ምን ሊነግሩን ነው?» ብሎ ያስብ ይሆናል። እኛም ርእሱ በተሰጠን ጊዜ እንዲሁ አስበን ነበር። ዳሩ ግን ነገሩን እየመረመርን በሄድን ቁጥር ክር እንደምናስበው ትንሽ ነገር አለመሆኑን ተረዳን።

እስቲ በመጀመሪያ ዙሪያችንን እንመልከት። አገራችን አምበር ደጋ ነው፤ የማለዳው ብርድ ያለ ጋቢ አያስወጣም። እነሆ አባቶቻችን ጋቢያችሁን ደርባችኋል፤ እናቶቻችንም ነጠላችሁን አጣፍታችኋል። ይህ ልብስ ከሰማይ አልወረደም። ጥጡ ከቆላ መጣ፤ እናታችን ፍሬውን በመዳመጫ ለየች፤ በደጋን ነደፈች፤ በእንዝርት ፈትላ ልቃቂቱን አዘጋጀች። ከዚያ በኋላ ሸማኔው ድሩን ዘረጋ፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሰ ማጉን አስገባ። በቀሚስና በነጠላ ጫፍ የሚያወጣውንም ኅብረ ቀለም አባቶቻችን «ጥበብ» ብለው ሰየሙት። ልብ በሉ! የጠቢብን ዕውቀትና የሸማኔን እጅ ሥራ በአንድ ቃል የጠራን ሕዝብ ነን።

ነገር ግን ሥራውን ጥበብ ያልነው እኛው፣ ሠራተኛውን «ቁጢት በጣሽ» ብለን ሰደብነው። ይህን የምንናገረው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። ከብት ስንጠብቅ እኛ ራሳችን የሸማኔን ልጅ በዚህ ስም እየጠራን ሥቀንበታል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ስድቡ በእኛ አፍ መገኘቱ ያሳፍረናል።

ይህን ንግግር አብረን ካዘጋጀነው ተማሪዎች መካከል አንዱ የሸማኔ ልጅ ነው። ቀደም ብሎ «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ «ገበሬ» ብሎ እንዳስጻፈ የነገረን፣ ንግግሩን በምናዘጋጅበት ሰሞን ነው። አባቱ በሸመና ደብተርና የደንብ ልብስ ገዝተውለታል፤ እርሱ ግን የአባቱን ሥራ ደበቀ። እንዲደብቅ ያስገደደው የእኛ ሣቅ ነው። ስለዚህም ነው ዛሬ ስለ አንድ በክርና በመርፌ ስለ ተከበረ ኢትዮጵያዊ ልንነግራችሁ የመረጥነው።

ይህ ሰው አቶ ኤልያስ ስሜ ይባላሉ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በ1968 በአዲስ አበባ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው መስፋትና መጥለፍ፣ የተሰበረ የቤት ዕቃም መጠገን ለመዱ። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው በ1990 ተመረቁ። ከዚያም ብዙ ሠዓሊ ቀለምና ብሩሽ ሲይዝ፣ እርሳቸው ክርና መርፌን ያዙ። በሸራ ላይ በክር እየሰፉ፣ ቁልፍ እየተከሉ ታላላቅ ሥዕሎችን ሠሩ። ከሩቅ ያየው ሰው በቀለም የተሣለ ይመስለዋል፤ ሲቀርብ ግን የሚያየው አንድ በአንድ በእጅ የተሰፋ ክር ነው።

ታዲያ የሥራቸው ምንጭ ከወዴት ነው? አንደኛው ምንጭ መርካቶ ነው። በዚያ «ምናለሽ ተራ» በሚባለው ስፍራ ሌላው ሰው የጣለው ሁሉ ይሸጣል፤ ቆርኪው፣ ቁልፉ፣ የፕላስቲክ ዕቃው፣ የተበላሸው ሬዲዮና የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ሳይቀር። አቶ ኤልያስ ይህን እየገዙ ያጠራቅማሉ። የኮምፒዩተሩን ሰሌዳ ይገጣጥማሉ፤ ቀጫጭኑን የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሹሩባ ይጎነጉኑታል፤ በእንጨት ገበታ ላይም አስተካክለው ይተክሉታል። ሲያልቅ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ወይም ከተማ ይመስላል። እነዚህን ሥራዎች «ታይትሮፕ» ብለው ሰይመዋቸዋል፤ በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድ ማለት ነው። ሰው በአዲሱ መሣሪያና በቀድሞው ኑሮ መካከል ሚዛኑን ጠብቆ እንዲሄድ የሚያሳስብ ስም ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የአገር ሽማግሌዎች ዕውቀት ነው። አቶ ኤልያስ ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች እየተዘዋወሩ የጥንቱን ሥርዓትና የቤት አሠራር አጥንተዋል። ሁለቱ በ2002 የዞማን የሥነ ጥበብ ማዕከል መሠረቱ፤ በ2019ም በአዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ የዞማ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ግድግዳው እናቶቻችን ቤት ከሚለስኑበት ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ነው፤ በላዩም እንደ ጥልፍ ያለ ቅርጽ ወጥቶበታል።

በ2009 በአሜሪካ በሳንታ ሞኒካ ከተማ ሥራዎቻቸው ለሕዝብ ሲታዩ ለዝግጅቱ የተሰጠው ስም «የመርፌ ዓይን፣ የልብ ዓይን» የሚል ነበር። እኛም የንግግራችንን ርእስ የወሰድነው ከዚህ ነው። በዚያው ዓመት ፒተር ሴላርስ የተባሉት የቲያትር አዘጋጅ በሎስ አንጀለስ ላቀረቡት ሙዚቃዊ ድራማ ዙፋኖችን ሠርተዋል። በ2019 በዋሽንግተን ከሚገኘው የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2022ም በታላቁ የቬኒስ ትርኢት ላይ ሥራዎቻቸው ቀረቡ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ክርና ኮምፒዩተር የተራራቁ ቢመስሏችሁ አትፍረዱ። በፈረንሳይ አገር ዣካር የተባለ ሰው በ1804 ገደማ ጥለቱን በተበሳ ካርቶን እየመራ የሚያወጣ የሽመና መሣሪያ ሠራ። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጀመሪያዎቹ የሒሳብ መሣሪያ ፈልሳፊዎች ያንን የተበሳ ካርቶን ከሸማኔ ወሰዱ። ሰው ወደ ጨረቃ በሄደበት ጊዜም የመንኰራኵሩ ኮምፒዩተር ትእዛዙን የያዘው ሴቶች በእጃቸው በሸመኑት የሽቦ ድር ውስጥ ነበር። እንግዲህ የሸማኔው ጉድጓድ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው የሚል ሰው ታሪክን አላነበበም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ወላጆቻችን አንድ ነገር እንደምትሉን እናውቃለን። «እኛ ትምህርት ቤት የላክናችሁ ከዚህ ድካም እንድትወጡ ነው እንጂ ወደ ጉድጓዱ እንድትመለሱ አይደለም» ትላላችሁ። ቃላችሁ እውነት ነው። ሸማኔ ጀርባው እየታመመ፣ ዓይኑ እየደከመ የሚያገኘው ዋጋ ጥቂት ነው፤ ከፋብሪካ የሚወጣውም ርካሽ ልብስ ገበያውን ያጠብበታል። ሥራው ይከበር ስንል ድካሙ ይቀጥል ማለታችን አይደለም። የምንለው፣ የተማረ ልጅ የአባቱን ሙያ ቢያውቀው፣ ጥለቱን በወረቀት ቢያስቀረው፣ አዲስ መሣሪያና አዲስ ገበያ ቢፈልግለት፣ ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል ነው። አቶ ኤልያስ ትምህርት ቤት ገብተው ሲወጡ መርፌአቸውን አልጣሉም፤ በትምህርታቸው አከበሩት እንጂ።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በዚህ ዓመት ልንሠራ ያሰብነውን እንገልጽላችኋለን። በአምበርና በዙሪያዋ ወዳሉት ሸማኔዎችና ፈታዮች እየሄድን የመሣሪያውን ስም፣ የጥለቱን ዓይነት፣ የአሠራሩን ተራ በደብተራችን እንጽፋለን። ወላጆች ሆይ፤ በራችሁን ስናንኳኳ አትመልሱን። መምህራንም እንዴት እንደሚመዘገብ ታሳዩን ዘንድ እንለምናለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላልና፣ ብዙ እጅ ካገዘን የዛሬ ዓመት በዓል ሲከበር በግድግዳችን ላይ የምናሳያችሁ ነገር ይኖረናል።

በመጨረሻም ስለዚያ ጓደኛችን አንዲት ቃል እንጨምር። ትናንት ይህን ንግግር ጽፈን ስንጨርስ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ከስሙ ጎን «የሸማኔ ልጅ» ብሎ ጻፈበት። አባቱ ዛሬ ከእናንተ መካከል ተቀምጠዋል። የለበሱት ጋቢ የእጃቸው ሥራ ነው። አባታችን ሆይ፤ በልጅነታችን ስለ ሣቅነው ሣቅ ሁላችንም ይቅርታ እንጠይቅዎታለን።