ስለ በረንዳ አሠራርና ስለ ጥቅሙ
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ውስጡ ነው፤ ስለ መኝታው፥ ስለ ምድጃውና ስለ ጎተራው ይጨነቃል። ከደጃፉ ውጭ ያለውን ጥላ ግን የባለጸጋ ጌጥ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በረንዳ ማለት ጣራው ከግድግዳው አልፎ የሚሸፍነው፥ በምሰሶ የተደገፈ፥ ፊቱ ክፍት የሆነ ስፍራ ነው። ካባ ለሰው ትከሻ እንደ ሆነ በረንዳም ለጭቃ ግድግዳ እንዲሁ ነው። ካባ የሌለው ሰው ዝናብ ሲመጣ ሮጦ ይጠለላል፤ ግድግዳ ግን ከቆመበት አይሸሽም።

ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ነገሥት ሰሎሞን ስለ ሠራው ቤተ መቅደስ ሲናገር፥ በፊቱ ርዝመቱ 20፥ ወርዱ 10 ክንድ የሆነ ወለል እንደ ነበረው ይተርካል። በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ከዐለት ሲፈለፈል ዙሪያው በዓምዶች ተከብቦ ተሠርቷል። በዘጌም በዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎቹ የተሣሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ቅኔ ማኅሌትና ሰፊው ክዳን ዝናብና ፀሐይ እንዳያገኛቸው ይጠብቃቸዋል። በአዲስ አበባም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት (ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም.) ከተሠሩት የመኳንንት ቤቶች ብዙዎቹ በእንጨት ያጌጠ በረንዳ አላቸው።

የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ውኃ ነው። በክረምት ዝናቡ በሁለት መንገድ ይመጣበታል፤ አንደኛ ነፋስ እየገፋው ፊቱን ይገርፈዋል፤ ሁለተኛ ከጣራው ጫፍ የሚወርደው ጠብታ ከመሬት እየነጠረ እግሩን ይበላዋል። እግሩ ሲበላ ማገሩ ይገለጣል፥ ቋሚው ይበሰብሳል፥ ምስጥም መንገድ ያገኛል። ቤቱን ቆርቆሮ የሚያለብስ ሰው ብዙ ጊዜ ወጪ ለመቈጠብ ሲል የጣራውን ጫፍ ከግድግዳው ጋር እኩል አድርጎ ይቈርጠዋል። በዚያ ያተረፈውን ገንዘብ ግን በየዓመቱ ለምርጊት ይከፍለዋል፤ ግድግዳው በሌሊት የወደቀ እንደ ሆነ ደግሞ ከሥሩ ተኝተው የሚገኙት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ በረንዳ ለሚሠራ ሰው አምስት ነገር ማሰብ ይገባዋል።

አንደኛው ወገኑ ነው። በደጋ አገር በረንዳ ወደ ምሥራቅ ቢሆን መልካም ነው፤ በጧት ብርድ ፀሐይ ይሞቁበታል፥ ከቀትር በኋላ ጥላ ያገኙበታል። ወደ ምዕራብ የዞረ እንደ ሆነ ግን የማታዋ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጣራው ሥር ትገባለች። ሆኖም ዝናብን የሚገፋው ነፋስ በየቀበሌው ልዩ ልዩ ነው፤ ይህን የሚያውቁ የስፍራው ሽማግሌዎች ስለ ሆኑ፥ ሠሪው ገመድ ሳይጥል አስቀድሞ እነርሱን ይጠይቅ።

ሁለተኛው ስፋቱ ነው። አራት ክንድ ወይም 2 ሜትር ቢሆን፥ አንዱ በመደብ ላይ ተቀምጦ ሌላው ሳይረግጠው ያልፋል። የሣር ክዳን ግን ውኃ እንዳያሳልፍ ተዳፋቱ ብርቱ መሆን ስላለበት፥ ወደ ውጭ በወጣ ቍጥር ያንኑ ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ግድግዳው 2 ሜትር ተኩል ሆኖ ክዳኑ 2 ሜትር ቢወጣ፥ ጫፉ ከመሬት የሚርቀው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ለዶሮ እንጂ ለሰው አይበቃም። ስለዚህ ግድግዳውን 3 ሜትር አድርጎ የሣሩን ጫፍ አንድ ክንድ ብቻ ማስወጣት፥ ከሥሩም ተዳፋቱ ቀለል ያለ የቆርቆሮ ጥላ መቀጠል ይሻላል።

ሦስተኛው ወለሉ ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ ጠርዙ በድንጋይ ይታነጽ፤ ውኃ እንዳይተኛበትም ወደ ውጭ ሁለት ጣት ያህል ያዘንብል። ጠብታው በሚወርድበት ስፍራ ጠጠር የተሞላ ቦይ ተቈፍሮ ወደ ጓሮው አትክልት ይመራ።

አራተኛው ምሰሶው ነው። ጥድና ወይራ መበስበስንና ምስጥን ይታገሣሉ፤ ባሕር ዛፍ ግን ምስጥ ቶሎ ይበላዋል። የትኛውም እንጨት ቢሆን በአፈር ውስጥ ከመትከል ይልቅ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ዕድሜውን ያረዝመዋል። ነፋስ ክፍቱን ጣራ ከሥሩ ገብቶ ስለሚያነሣው፥ ምሰሶው ከታች ከመሠረቱ፥ ከላይም ከወራጁ ጋር በብረት ይታሰር።

አምስተኛው ብርሃን ነው። ሰፊ በረንዳ ክፍሉን ያጨልማል። ስለዚህ በፊት ለፊቱ ግድግዳ መስኮት ማውጣትና ውስጡን በኖራ መቀባት ያስፈልጋል፤ ይልቁንም በትምህርት ቤት፥ ሕፃናት በጨለማ ሲያነቡ ዐይናቸው እንዳይደክም። በሣር ክዳን ሥር ግን እሳት ማንደድ ፈጽሞ አይገባም።

እንዲህ ሆኖ የተሠራ በረንዳ ከቤቱ ሁሉ ይልቅ ብዙ ያገለግላል። ተማሪ የእግሩን ጭቃ ያራግፍበታል፥ ዝናብ እስኪያባራ ይጠለልበታል፤ ሴቶች ከጢስ ርቀው ይፈትሉበታል፤ ሽማግሌዎች የተጣላ ያስታርቁበታል። አብርሃም በቀትር በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ እንግዶቹን አየ፤ በውስጥ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ማን እንዳለፈ ባላወቀም ነበር።

እንግዲህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን አውጥተው የትምህርት ቤቱን ጣራ ጫፍ፥ የግድግዳውን ቁመትና የጠብታውን ስፍራ በክንድና በሜትር ያስለኩ፤ ይህ ሒሳብም ነው፥ ጥበብም ነው። ሽማግሌዎችም አዲስ ጎጆ የሚወጣውን ወጣት ስለ ቤቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን ስለ ጣራው ጫፍ ይጠይቁት። ክረምት ሳይገባ የተመከረ ምክር፥ ግድግዳ ከወደቀ በኋላ ከሚደረግ ልቅሶ ይሻላል።