ፊታችሁን ወደ ተማሪው መልሱ
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ ውድ የቀድሞ ጓደኞቼ፣

ትዝታ እንዳወራ ነው የተጠየቅኩት፤ እኔም አንድ ትዝታ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሁልጊዜ ፊት ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ስናወራው ፈገግ ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ መምህር ሲጠይቀው ግን ሌላ ነገር ይመልሳል። እኛም እንስቅ ነበር። «ኩራተኛ ነው» ያልንም አለን። ጆሮው ደህና እንደማይሰማ የነገረን ትምህርቱን ትቶ ዕቃውን ከዶርም ሲያወጣ ነው። ጎኑ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ፤ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

የሆነው የገባኝ ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ነው። መስማት መቀነስ ሁልጊዜ ጨርሶ አለመስማት አይደለም። ብዙዎች ላይ ቀድመው የሚደበዝዙት እንደ «ፈ»፣ «ሰ»፣ «ተ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ተማሪው መምህሩ መናገሩን ይሰማል፤ «ፈሰሰ» ይበል «ከሰሰ» ግን አይለይም። መጮኽም እምብዛም አይረዳውም፤ ይበልጥ የሚጎላው ድሮም የተሰማው ድምፅ ነውና። የጎደለውን የሚሞላው ከንፈር እያየ ነው። እኛ ደግሞ ወደ ሰሌዳ ዞረን እየጻፍን እናወራለን፤ ዋርድ ውስጥም ማስክ አድርገን ራውንድ እንዞራለን። ተጽፎ አይቶት የማያውቀውን የላቲን ቃል እንዴት አድርጎ ከከንፈር ያንብብ? የመስሚያ መሣሪያውም ቢሆን የወንበሩን መንጓጓት ጭምር ነው የሚያጎላው።

እንግዲህ መምህራኖቻችን፣ የምለምናችሁ አራት ነገር ነው። እየጻፋችሁ አትናገሩ፤ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ዞር በሉ። አዳዲስ ቃላቱን አንድ ቀን ቀደም አድርጋችሁ በጽሑፍ ስጡ። ከኋላ ወንበር የተጠየቀውን ጥያቄ ድገሙት። «ገባህ?» አትበሉ፤ «አዎ» ማለት ይቀላል እኮ! «እስቲ በራስህ አነጋገር አስረዳኝ» በሉ። ይሄ ሁሉ በጀት አይጠይቅም።

«ደረጃችን ይወርዳል» የሚል ስጋት እሰማለሁ። አይወርድም። ፈተናው ያው ፈተና ነው። ልብ ማዳመጥ ያለበት ተማሪ ያዳምጣል፤ ድምፅ በሚያጎላ ስቴቶስኮፕ። የሚለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 ዓ.ም. ስታጸድቅ በአንቀጽ 24 የተቀበለችው ግዴታም ይኸው ነው፤ ከፍተኛ ትምህርትንም ይጨምራል።

እኔ ለተማሪ የሕክምና ማስረጃ ጽፌ አውቃለሁ። ነገር ግን ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ከቀረ ምን ዋጋ አለው? ሥራው ያለው ክፍል ውስጥ ነው።

ያ ጓደኛችን ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ዘንድሮም ግን ፊት ወንበር ላይ ፈገግ እያለ ራሱን የሚነቀንቅ ተማሪ ይኖር ይሆናል። ጎኑ የተቀመጣችሁ፣ ጠይቁት። ፊቱ የቆማችሁ፣ ዞር በሉለት።