ከሙኒክ በፊት ወልወል ነበረ

ዛሬም ከክርያት ሞጽኪን ነው የማወራችሁ። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ልጆቻችን እዚህ ትምህርት ቤት ስለ ሙኒክ ስምምነት ይማራሉ። በ1938 እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦርነት ይቀርልናል ብለው የቼኮዝሎቫኪያን መሬት ቆርሰው ለሂትለር ሰጡ። ይሄ ነገር ግን ቀድሞ በኛ አገር ተሞክሯል።

በ1934፣ ይቺ የምንኖርባት ከተማ በተቆረቆረችበት ዓመት፣ ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ የጣሊያንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተጋጩ። ኢትዮጵያ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ሁለቱ ኃያላን ግን ሞሶሊኒን ካስቀየምነው ከሂትለር ጋር ይገጥምብናል ብለው ፈሩ። በኦክቶበር 1935 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ገባ። ማዕቀብ ተጣለ፤ ነዳጅ ግን አልተከለከለም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ታዲያ ምኑን ማዕቀብ ሆነ?

በዲሴምበር የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ፓሪስ ላይ ተገናኝተው ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ለጣሊያን ለመስጠት ተስማሙ። የመሬቱ ባለቤት አልተጠራም። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። ዕቅዱ ቀረ፤ ሐሳቡ ግን አልቀረም።

በሜይ 1936 ጃንሆይ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው የት የወረዱ ይመስላችኋል? እዚሁ፣ በአውቶቡስ የምንሄድበት ሐይፋ ወደብ! ኢየሩሳሌም ሰንብተው፣ ጁን 30 ጄኔቫ ላይ በአማርኛ ተናገሩ። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን ለትናንሽ አገሮች የተገባው ቃል ሁሉ ነው አሉ። በማግሥቱ ወር፣ በጁላይ፣ ማዕቀቡ ተነሣ።

ሞሶሊኒስ? በዚያው ዓመት ከሂትለር ጋር ገጠመ። ሙኒክ ላይማ ጭራሽ አስታራቂ መስሎ ተቀመጠ፤ ቼኮች ግን እንደኛው ከጉባኤው ውጭ ነበሩ። በማርች 1939 ሂትለር ፕራግ ገባ፤ በሴፕቴምበር ዓለም ተቃጠለ።

ድርድር ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ሲያስታርቁ ግን ሁለቱንም ባለጉዳይ ፊት ለፊት አስቀምጠው ነው። አንዱን ውጭ አስቁሞ ከብቱን ለሌላው መስጠት እርቅ አይባልም።

እናም ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ሙኒክን ሲያጠኑ ወልወልንም ንገሯቸው። በሉ፣ በሰላም ያገናኘን።